«መኪናዬ የጭስ ምርመራ ወደቀች፤ አበልጄ በአቋራጭ ላሳልፍልሽ ይለኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ሲሆን፣ ማታ ገብቼ ንጋት ላይ የምወጣው ፌርፋክስ ካሉ አንዲት እናት ቤት ነው። በዚያ ሰዓት የሚያመላልሰኝ አውቶቡስ ስለሌለ መኪና ከሌለኝ ሥራ የለኝም ማለት ነው። ባለቤቴ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። ሁለት ልጆች አሉን።

መኪናዬ የ2007 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ናት፤ ባለ አራት ሲሊንደር። ወደ 180 ሺህ ማይል ሄዳለች። የምዝገባዋ ጊዜ በሚመጣው ወር መጨረሻ ያልቃል፤ ለማሳደስ ደግሞ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለባት። ወሰድኳት፣ ወደቀች። የሞተር ማስጠንቀቂያው መብራት ከወራት በፊት ነበር የበራው፤ መኪናዋ በደንብ ስለምትሄድልኝ ዝም ብዬ ስነዳት ቆየሁ። ወረቀቱ ላይ ፒ0420 የሚል ቁጥር አለ። የሁለቱንም ቀን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ልኬያለሁ።

የትልቁ ልጄ የክርስትና አባት መካኒክ ነው። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ነው፤ እዚህም ቅዳሜና እሑድ በግቢው ውስጥ የወዳጅ ዘመድ መኪና ይሠራል። ከእኛ ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። አንድ ጊዜ በበረዶ ሌሊት ባትሪዬ ሞቶ ስደውልለት ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጥቶልኛል። አሁንም መሣሪያውን ሰክቶ ቁጥሩን አጠፋልኝና «ነገ በጠዋት ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። ጣቢያው «ለምርመራ ዝግጁ አይደለችም» ብሎ መለሰኝ። ጥቂት ቀን ቆይቶ መብራቱ እንደገና በራ።

አሁን ሁለት ምርጫ ሰጥቶኛል። አንደኛው፣ ጭስ ከሚያጠራው ዕቃ (ከካታሊስቱ) ኋላ ካለው ሴንሰር ሥር አጭር ቱቦ ገጥሞ ኮምፒውተሩ ጭሱ ንጹሕ እንዲመስለው ማድረግ ነው። «ገንዘቡ ምንም አይደለም፤ አገር ቤት እኮ ካታሊስቱን ጨርሰን ነው የምናወጣው፤ መኪናው እንዲያውም ይፈጥናል» ይለኛል። ሁለተኛው፣ የመኪናዋን አድራሻ ሪችመንድ ወደምትኖረው የባለቤቴ እህት ማዛወር ነው፤ እዚያ ምርመራው የለም። ባለቤቴ በስልክ «እርሱ ያለሽን አድርጊ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ።

ለሌላ ጋራዥ ደውዬ ብጠይቅ ካታሊስቱን ለመቀየር 1,400 ዶላር አሉኝ። በእጄ ያለው 1,100 ዶላር ነው። እርሱም ለእናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ወደ ደሴ ልልከው ያጠራቀምኩት ነው። አበልጄን እምቢ ብለው ይቀየመኛል፤ እሺ ብለው እንቅልፍ አይወስደኝም። ደግሞ በየወሩ አንድ ጠርሙስ ዘይት እጨምርላታለሁ፤ ይህ ከነገሩ ጋር ይያያዝ እንደሆነ አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባት እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ የነሣሽ መኪናዋ ብቻ አይመስለኝም። ስለ መኪናዋ የጻፍሽው በተረጋጋ ልብ ነው፤ ሞዴሉን፣ ማይሉን፣ የወረቀቱን ቁጥር ሳይቀር በሥርዓት አስቀምጠሻል። ጭንቀትሽ የሚሰማው «ይቀየመኛል» ስትዪና የእናትሽን ገንዘብ ስታነሺ ነው። ሁለቱንም እንመለስባቸዋለን። ከመኪናዋ ልጀምር የፈለግሁት ስለ እርሷ እውነቱን በእጅሽ ከያዝሽ ከአበልጅሽም ሆነ ከባለቤትሽ ጋር የምታደርጊው ንግግር ስለሚቀልልሽ ነው።

ከላክሽው ወረቀት እንነሣ። በመጀመሪያው ቀን የተጻፈብሽ ጥፋት የማስጠንቀቂያው መብራት መታየቱና ፒ0420 ብቻ ነው። ይህ ቁጥር የሚለው፣ በማርሚታው መስመር ላይ ያለው ካታሊስት ጭሱን የማጥራት አቅሙ ከሚፈለገው በታች ወርዶ ታየኝ ነው። «ካታሊስቱን ቀይሩ» አይልም። በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ምናልባት የእናትሽን ገንዘብ የሚያተርፍልሽ ነውና ልብ በዪው። ጣቢያው ከ1996 ወዲህ በተሠሩ የቤት መኪናዎች ላይ በማርሚታው ጫፍ ጭስ አይለካም፤ ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ሰክቶ መኪናዋ ስለ ራሷ የመዘገበችውን ያነባል። መኪናዋ ደግሞ የተሳሳተ ነገር ልትመዘግብ ትችላለች።

የሁለተኛው ቀን ወረቀት ለምን እንደዚያ እንደሆነም ይታያል። አበልጅሽ ቁጥሩን ሲያጠፋ ኮምፒውተሩ የየክፍሉን ጤና መርምሮ የያዘው መዝገብ አብሮ ጠፍቷል። ያ መዝገብ እንደገና የሚሞላው በመንዳት ነው፤ አንዳንዱ ክፍል በአንድ ቀን ይጠናቀቃል፣ ካታሊስቱና የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያው ግን ብዙ ጊዜ ቀናት ይወስዳሉ። ከ2001 ወዲህ ለተሠራች መኪና ሳይጠናቀቅ እንዲቀር የሚፈቀደው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ያንቺ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ «አልተጠናቀቀም» ይላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው የሆነው። ከእንግዲህ ማንም «አጥፍተን እንሞክር» ቢልሽ እንዲተውልሽ ለምኚው፤ መዝገቡ ላይ ያለው መረጃ ለሚመረምራት ባለሙያ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን የጣልሻት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለእኔ ከሁሉ የምትበልጠዋ ነች። ካታሊስት ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሸክላ ነው፤ ግድግዳው በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተለብጧል። ጭሱ በእነዚህ ማዕድናት ላይ ሲያልፍ መርዛማው ክፍል ይለወጣል። የሞተር ዘይት ውስጥ ደግሞ ፎስፈረስና ዚንክ አሉ። ሞተሩ ዘይት እየጠጣ በሚያቃጥልበት ጊዜ እነርሱ ከጭሱ ጋር ሄደው ማዕድኑን ይሸፍኑታል፤ ካታሊስቱ ሳይሰበርና ሳይደፈን ሥራውን ያቆማል። የዚያ ዘመን ባለ አራት ሲሊንደር የካምሪ ሞተር በፒስተን ቀለበቶቹ ምክንያት ዘይት እንደሚጠጣ የታወቀ ነው፤ ኩባንያውም ለዚሁ ሲል የተራዘመ ዋስትና ሰጥቶበት ነበር። ለአንቺዋ የዚያ ዋስትና ጊዜ አልፏል። ከዚያ ዘመን የተረፈን አንድ ጠቃሚ መለኪያ ግን አለ፦ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቶ 1,200 ማይል መንዳትና እንደገና መለካት። በዚህ ርቀት ውስጥ አንድ ኳርት፣ ማለትም አንድ ሊትር ገደማ ከጎደለ፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይጠጣል ይባል ነበር።

ስለዚህ ልጠይቅሽ፦ በወር ስንት ማይል ትነጂያለሽ? የምትጨምሪው ጠርሙስ ሙሉ ኳርት ነው ወይስ ግማሹን ታስቀሪዋለሽ? ጠዋት ስታስነሺያት ከማርሚታው ሰማያዊ መሳይ ጭስ አይተሻል? አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስን በየቀኑ የምትመላለሺ ከሆነ ወርሽ ከአንድ ሺህ ማይል ብዙም አይርቅም፤ ሙሉ ኳርት የምትጨምሪ ከሆነም ሞተርሽ ከዚያ መለኪያ ያለፈ ይመስላል። ነገሩ እንደዚያ ከሆነ የተነገረሽን 1,400 ዶላር ከፍለሽ አዲስ ካታሊስት ብታስገቢ ይህን ምርመራ ታልፊ ይሆናል፤ አዲሱም ግን በዚያው ዘይት መሸፈኑ አይቀርም። ምርመራው በየሁለት ዓመቱ ነው። በሚቀጥለው ዙር ያው ቁጥር፣ ያው ወረቀት ይጠብቅሽ ነበር። በስልክ ዋጋ የነገረሽ ጋራዥ ስለ ዘይቱ ጠይቆሽ ነበር? ካልጠየቀሽ መኪናዋን ሳያይ መድኃኒት አዞልሻል ማለት ነው።

ወደ አበልጅሽ ሁለት ምርጫዎች እንሂድ። ሰውየው ክፉ አሳቢ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ሙያውን በተማረበት ቦታ ካታሊስት ተነቅሎ ሲወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። እዚህ ግን የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን መንቀልንም ሆነ ለማታለል ሌላ ነገር መግጠምን ይከለክላል፤ ክልከላው የሚመለከተው ትልልቅ ጋራዦችን ብቻ አይደለም። በግቢው ቱቦውን የሚገጥመው እርሱ ስለሆነ ከአንቺ ይልቅ ለአደጋ የሚጋለጠው ራሱ ነው። ይህን ያዢልኝ፤ ከእርሱ ጋር ስትነጋገሪ ይጠቅምሻል። ከሕጉ ውጭም ቱቦው ዘይቱን አያቆምም። መብራቱን አጥፍቶ ሞተሩ ሲባባስ የሚነግርሽን አንድ ምልክት ይወስድብሻል።

የሪችመንዱ አድራሻ ደግሞ የባሰ ነው እላለሁ። ምርመራው የሚመለከተው አሌክሳንድሪያንና አጎራባቾቿን፣ ማለትም አርሊንግተንን፣ ፌርፋክስን፣ ላውደንን፣ ፕሪንስ ዊልያምን፣ ስታፎርድንና በመካከላቸው ያሉትን ትንንሽ ከተሞች መሆኑ እውነት ነው፤ ሪችመንድ የለችበትም። ነገር ግን መኪና የሚመዘገበው በሚያድርበት ቦታ ነው። ኢንሹራንስሽም የሚሰላው በዚያው ነው፣ ለከተማው የምትከፍይው የመኪና ግብርም እንደዚሁ። ንጋት ላይ ከሥራ ስትመለሺ አንድ ሰው ቢገጭሽና ኢንሹራንሱ መኪናዋ በአድራሻዋ እንደማታድር ቢደርስበት ክፍያውን ሊከለክልሽ ይችላል። ለአንድ ወረቀት ብለሽ ሁለት ልጆችሽን ይዘሽ በምትነጂባት መኪና ላይ ያለውን ዋስትና አደጋ ላይ አትጣይው። የባለቤትሽ እህትም በማታውቀው ነገር ስሟ ይነሣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከፊትሽ አምስትና ስድስት ሳምንት አለሽ፤ ይህ ጊዜ ይበቃል፣ የሚባክን ግን የለውም። ነገ ጠዋት ከማስነሣትሽ በፊት፣ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ እንደቆመች የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ ጥረጊው፣ መልሰሽ ከተሽ አውጪውና ዘይቱ የት ላይ እንደደረሰ ተመልከቺ። እስከ ላይኛው ምልክት ሙዪው፤ ከዚያ አታሳልፊ። የማይሉን ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በየሳምንቱ በዚያው ሰዓትና ቦታ እየለካሽ ጻፊ። እስከ ምዝገባሽ ማብቂያ ድረስ ወደ 1,200 ማይል ትጠጊያለሽና ስለ ሞተርሽ ማንም በግምት እንዳይነግርሽ የሚያደርግ መረጃ ይኖርሻል።

በዚሁ ሳምንት ደግሞ ካታሊስት ለመግዛት ሳይሆን ምርመራ ለማስደረግ ቀጠሮ ያዢ። የምትሄጂው በቨርጂኒያ ለጭስ ጥገና ፈቃድ ወዳለው ጋራዥ ይሁን፤ የምርመራ ጣቢያው የትኞቹ እንደሆኑ ይነግርሻል። ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራ ያስከፍሉሻል። ይህን ገንዘብ አትሳሺው፤ ከዚህ በኋላ የምታወጪውን እያንዳንዱን ዶላር አቅጣጫ የሚያስይዝልሽ እርሱ ነው። ስትገቢ «ፒ0420 አለኝ፣ ካታሊስት ቀይሩልኝ» አትበዪ። «ዘይት ትጠጣለች፤ ካታሊስቱ በእርግጥ ሞቷል ወይስ ሌላ ነገር እያሳሳተው ነው? ከሞተስ ምን ገደለው?» በዪና መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ።

ጥሩ ባለሙያ ከሆነ መጀመሪያ ከሞተሩ እስከ ኋለኛው ሴንሰር ያለውን ማርሚታ የሚያፈስ ቦታ እንዳለው ይፈትሻል። ስንጥቅ ወይም የላላ መጋጠሚያ ካለ የውጭ አየር ገብቶ ሴንሰሩን ስለሚያሳስተው ጤነኛ ካታሊስት ሞቷል ሊባል ይችላል። ቀጥሎ ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠብቅና በደቂቃ በሁለት ሺህና ሦስት ሺህ ዙር መካከል ይዞ የኋለኛውን ሴንሰር መስመር በስክሪን ላይ ያሳይሻል። እንዲያሳይሽ ጠይቂው፤ ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ካታሊስቱ የሚሠራ ከሆነ መስመሩ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ገደማ ላይ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ከ0.1 ወደ 0.9 ቶሎ ቶሎ የሚዘል ከሆነ ካታሊስቱ ጭሱን ለማጥራት የሚያስፈልገውን ኦክስጅን መያዝ አቁሟል። አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ከቀረ ደግሞ ሴንሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

የምርመራው ውጤት ፍሳሽ ወይም ሴንሰር ከሆነ እልል በዪ፤ ወጪው ከካታሊስት ጋር አይወዳደርም። ካታሊስቱ ሞቶ ዘይቱ ግን መጠነኛ ከሆነ መቀየሩ ትርጉም አለው። ዋጋው እንደ ዕቃው ዓይነት እጅግ ስለሚለያይ ቢያንስ ከሁለት ቦታ በጽሑፍ ዋጋ ተቀበዪ። የድርጅቱ ባልሆነ አዲስ ካታሊስት ላይ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው ዋስትና ለውጭ አካሉ አምስት ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል፣ ጭሱን ለማጥራት ብቃቱ ደግሞ 25 ሺህ ማይል ነው፤ ይህ በደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ አትግዢው። ያለ ወረቀት በርካሽ የሚሸጥ ያገለገለ ካታሊስት ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትግቢ። ሦስተኛው፣ ካታሊስቱም ሞቶ ሞተሩም በብዙ የሚጠጣ ከሆነ፣ በዚህች መኪና ላይ ትልቅ ገንዘብ እንድታወጪ አልመክርሽም። ይህን መስማት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ቤተሰብሽን የመገበችልሽ መኪና ናት። ያኔ የሚሻለው ወረቀቶቹን ሁሉ ለገዢ እያሳየሽ ባለችበት ሁኔታ ሸጠሻት ሌላ መፈለግ ነው፤ የምትፈልጊውንም ከመክፈልሽ በፊት ሻጩ የቅርብ የጭስ ምርመራ ወረቀት እንዲያሳይሽ ጠይቂ።

አንድ ሌላ በርም አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ላንሣው። መኪናዋ ከወደቀች በኋላ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ለትክክለኛ ጥገና በሕግ የተወሰነውን ያህል ገንዘብ አውጥተሽ አሁንም ካላለፈች፣ ለዚያ ዙር ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ወረቀት ማመልከት ይቻላል። መጠኑ በየዓመቱ ጥር ላይ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይሻሻላል፤ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የዘንድሮውን ከምርመራ ጣቢያው ጠይቂ። ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። አበልጅሽ በግቢው በነፃ የሠራልሽ ሥራ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ የጭስ መቆጣጠሪያው ከተነካካ ደግሞ ያንን ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብም አይቆጠርልሽም። ቱቦው የሚዘጋብሽ በር ይህ ነው።

ስለ እናትሽ ገንዘብ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ባለቤትሽ «ምን ያስጨንቅሻል?» ያለሽ ነገሩን ሁሉ ሳያውቅ ይመስለኛል። 1,100 ዶላሩ ለምን እንደተቀመጠ ያውቃል? የእናትሽ ቀጠሮ ተቆርጧል ወይስ ገንዘቡ ሲደርስ የሚያዝ ነው? ቀጠሮው ተይዞ ከሆነ ገንዘቡን ላኪውና ከዚህ ሒሳብ አውጪው። የመኪናው ጉዳይ የሁለታችሁ ሸክም ነው፤ አንቺ ብቻሽን ከእናትሽ ዓይን ላይ ቀንሰሽ የምትከፍይው መሆን የለበትም። ቀጠሮው ገና ካልተቆረጠም ከውስጡ የምርመራውን ክፍያ ብቻ ተበደሪና በሚቀጥለው ደመወዝሽ ተኪው። ዕቁብ ካለሽ ደግሞ ዳኛውን ወይም ሰብሳቢዋን አነጋግሪ፤ ተራሽን ቀደም የሚያደርግልሽ ሰው አይጠፋም፤ ዕቁብ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ባለቤትሽን እየነዳ ሳለ በስልክ አታናግሪው፤ ቤት ሲመጣ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ አሳዪው።

አሁን አበልጅሽ። «እምቢ ብለው ይቀየመኛል» ብለሻል። እምቢ የምትዪው ለማን እንደሆነ ግን ደግመሽ አስቢበት። በበረዶ ሌሊት ከእንቅልፉ ተነሥቶ የመጣልሽን ሰው እየገፋሽው አይደለም፤ የማትቀበዪው አንድ ቁራጭ ቱቦ ነው። ያሰበልሽን መልካም ነገር ተቀብለሽ ቱቦውን ብቻ መመለስ ትችያለሽ። በስልክ አይሁን። ቡና አፍዪና ጥሪው፤ ልጁ የክርስትና ልጁ ነውና መጥቶ ቢያየው ራሱ ደስ ይለዋል። ከዚያ እንዲህ በዪው፦ «ጋሼ፣ ለእኔ ስትል እንደምትደክም አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ነገር ቢታወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንተ ነህ፤ በእኔ ምክንያት አንተ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ለልጄ ምን እለዋለሁ? በወረቀት በኩል ልሂድበት። አንተ ግን አትለየኝ፤ የምለምንህ ሥራ አለኝ።»

ሥራውም በእርግጥ አለ። ሞተሩ የራሱን ትነት መልሶ የሚስብባት ፒሲቪ የምትባለው ትንሽ ቫልቭ ስትደፈን የዘይት መጠጣቱን ታብሳለች፤ ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው፣ ለመቀየርም ለእርሱ ቀላል ነው። አራቱን ካንዴላዎች ይንቀላቸውና ይያቸው፤ በዘይት የጠቆረ ወይም ደለል የያዘ ካለ ሲሊንደሩን ምልክት አድርጎ ለጋራዡ ባለሙያ ሊነግረው ይችላል። ማርሚታው ላይ ዝገትና ልቅ ብሎን ይፈልግ። ከሁሉ በላይ ወደ ጋራዡ አብሮሽ ይሂድ። ያን የስክሪን መስመር ከአንቺ የበለጠ የሚያነበው እርሱ ነው፤ አንቺ ብቻሽን ሆነሽ «ይህም ይቀየር፣ ያም ይቀየር» ከሚሉሽ ይልቅ ሙያ የሚያውቅ ወንድም ከጎንሽ ቢቆም ዋጋው ራሱ ይለወጣል። ይህን ስትጠይቂው የምታደርጊለት ክብር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ቢያኮርፍስ? ለጥቂት ቀን ሊያኮርፍ ይችላል። አንቺ መጥራትሽን አታቁሚ። ለእናንተ ሲል እስካሁን ያደረገውን ሁሉ ሳየው በዚህ ምክንያት የሚርቅ ሰው አይመስለኝም።

ከጥገናው በኋላ ያለውን ላክልልሽና ላብቃ። ባለሙያው ቁጥሩን ሲያጠፋ መዝገቡ እንደገና ባዶ ይሆናልና በማግሥቱ ወደ ጣቢያው አትሩጪ። ለአንድ ሳምንት ያህል እንደ ወትሮሽ ንጂ፤ ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ ከቀዝቃዛ የምትነሣበት ቀን ይኑር፣ በአውራ ጎዳናው ላይ በ55 ማይል ፍጥነት ገደማ ሳትዋዥቂ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ የምትሄጂበት ይኑር፣ ከተማ ውስጥ እየቆምሽ የምትነሺበትም ይኑር። ወደ ሥራሽ የምትሄጂበት መንገድ አብዛኛውን ያሟላልሻል። የቤንዚን ትነቱ ምርመራ ታንኩ ሲሞላም ሲጎድልም ስለማይጀምር ከሩብ በላይ ከሦስት አራተኛ በታች አድርጊው። በዚህ ጊዜ ባትሪውን ማንም አይንቀልብሽ። ከዚያ አበልጅሽ መሣሪያውን ይስካና ክፍሎቹ መጠናቀቃቸውን ይይልሽ፤ ያ መሣሪያ በጣም የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ካታሊስቱ «ተጠናቋል» ብሎ መብራቱም ካልበራ ሂጂ። ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ወደዚያው ጣቢያ የተመለሰ አንድ ጊዜ በነፃ ይመረመራል፤ ቀኑ ካለፈብሽ ግን ለእርሱ ብለሽ አትቸኩዪ፣ ክፍያው ከአንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ያንሳል።

ምናልባት ሁሉም ሳይጠናቀቅ የምዝገባው ቀን ቢደርስ ባለፈ ታርጋ እየነዳሽ ወደ ሥራ አትሂጂ። ከአሁኑ ለአሠሪ ድርጅትሽ ንገሪያቸው፤ ለአንድ ሳምንት የቀን ፈረቃ ወይም ቤትሽ አጠገብ ያለ ሥራ ሊሰጡሽ ይችሉ ይሆናል። በዚያው አቅጣጫ የምትሠራ የሥራ ባልደረባ ካለችሽም የቤንዚኑን ተካፍላችሁ አብራችሁ ሂዱ። የዘይቱን ልክና ጋራዡ የጻፈልሽን ወረቀት ላኪልኝ፤ ካታሊስቱ ይቀየር ወይስ መኪናዋ ትሸጥ የሚለውን ያኔ ቁጥሩን ይዘን እንነጋገርበታለን።